የቅንጭብ ወተት

ፍኖተ ሰላም የስነ ጥበብ መምህር ሆኜ ስመደብ ስለ ዕፅዋት የማውቀው እዚህ ግባ የሚባል አልነበረም። ያደግሁት ባሕር ዳር፣ አስፋልት ዳር ነው። ብሳናን ከዋንዛ መለየት የቻልሁት ሠላሳ ዓመት ሊሞላኝ ጥቂት ሲቀረኝ ነው፤ እሱንም ያስተማሩኝ የትምህርት ቤታችን የጽዳት ሠራተኛ ናቸው። ስማቸውን አልጽፍም። "እትዬ" ነበር የምላቸው፣ እዚህም እንዲያው እላቸዋለሁ።

የበደልኋቸው ሰው እሳቸው ናቸው።

ትምህርት ቤቱ ቀለምም የስዕል ወረቀትም አልነበረውም። የመጀመሪያውን ዓመት በጠመኔ ገፋሁት። በሁለተኛው ዓመት አንድ ሐሳብ ገብቶ አላስቀምጥ አለኝ፤ ከሱቅ የተገዛ ነገር ሳይነካው፣ እዚሁ ከሚበቅል ተክል ብቻ ሕትመት መሥራት። ቅጠሉን የወዳደቀ ካርቶን ላይ እለጥፋለሁ፣ ቀለም እቀባዋለሁ፣ ወረቀት አንጥፌበት እጫነዋለሁ፤ ወረቀቱ ሲነሣ የቅጠሉ መልክ ታትሞበት ይቀራል። ቀለሙን ከጥላሸትና ከፈላ የኑግ ዘይት አዋሃድሁት። ወረቀቱን ከበቆሎ ልባስና ከኮባ ቃጫ በአመድ ቀቅዬ፣ ወቅጬ፣ በወንፊት ላይ እያነጠፍሁ አደረቅሁት። ሻካራ ነው፤ ግን ቀለም ይይዛል። መጫኛውን ቡሬ አንድ ጋራዥ ከጣለው አሮጌ የመኪና ማንሻ ክሪክና ከሁለት ወፍራም ጣውላ ገጣጠምሁት። ተማሪዎቼ "መምህር ሣር ሊያጭድ ወጣ" እያሉ ይሥቁብኝ ነበር። እኔም አብሬ እሥቅ ነበር።

እትዬ ሃምሳውን ያለፉ፣ ቀጠን ያሉ፣ ንግግራቸው ዝግ ያለ ሴት ናቸው። ባለቤታቸው ገበሬ ናቸው፤ ቤታቸው ከከተማው ወጣ ብሎ፣ ወደ ደምበጫ ከሚወስደው መንገድ ግራ ነው። አንድ ቀን ክፍሌን ሊጠርጉ ገብተው የብሳና ቅጠል ስለጥፍ አዩኝና መጥረጊያቸውን ይዘው ቆሙ።

"ይቅርታ ያድርጉልኝና መምህር፣ ገልብጠው ነው የለጠፉት።"

"እንዴት ማለት?"

"ቅጠል ነገሩ ያለው በጀርባው ነው። ፊቱማ ለፀሐይ ነው።"

ነቅዬ ገለበጥሁት። ያን ቀን የወጣው ሕትመት ላይ የቅጠሉ ጅማት አንድም ሳይቀር ይታይ ነበር። ስድስት ወር ሙሉ የቅጠል ፊት ሳትም ከርሜ ነበርና አፈርሁ።

ከዚያ ወዲያ ሥራቸውን ሲጨርሱ ወደ ክፍሌ ብቅ ማለት ለመዱ። ይዘው የሚመጡት እኔ በየቀኑ አልፌው የምሄደውን ነበር፤ የግራዋ ቅጠል፣ የእንስላል ቅርንጫፍ፣ የበቆሎ ጸጉር። አንድ ቀን ከነሥሩ የተነቀለ የበርበሬ ችግኝ አመጡ። እሱን ራሳቸው ለጠፉት፣ ራሳቸው ቀለም ቀቡት፣ ክሪኩንም ራሳቸው አጠበቁት። ወረቀቱን ሲያነሡት እጃቸውን አፋቸው ላይ ጭነው፣ "እንዴ! ሥሩ እንኳ አልቀረ!" አሉ። ዓይን ነበራቸው። የእኔ ዓይን ከትምህርት ቤት የተማረ ነው፤ የእሳቸው ግን የተፈጠረ ነበር።

አንድ ችግር ነበረብን። ካርቶኑ ላይ የተለጠፈው ቅጠል የኑግ ዘይቱን እየጠጣ ይለሰልሳል፤ ሁለት ሦስት ጊዜ ከታተመበት ይቀደዳል። ቫርኒሽ ቢቀባ ይጠነክር ነበር። ቫርኒሽ ደግሞ መናኸሪያው አጠገብ ያለው የሕንፃ ዕቃ መደብር መደርደሪያ ላይ ተደርድሮ አየዋለሁ። አልፈለግሁትም። "ከሱቅ የተገዛ ነገር የለበትም" ብዬ ለባልደረቦቼ ሁሉ አውርቻለሁ፤ ባሕር ዳር ላሉ ጓደኞቼም ጽፌላቸዋለሁ። ቃሌን ማጠፍ አሳፈረኝ። እንግዲህ የሁሉም ነገር መነሻ ይኼ ነው፤ ከዚህ የበለጠ ትልቅ ምክንያት አልነበረኝም።

በዚያው ሰሞን ቅንጭብ ላይ ዓይኔ አረፈ። ቅንጭብ ቅጠል አልባ ነው ማለት ይቻላል፤ ቅርንጫፉ እንደ እርሳስ ድቡልቡልና አረንጓዴ ነው። በእኛ አካባቢ አጥር ይሆናል። ሲሰበር ነጭ ወተት ያወጣል፣ ወተቱ ሲደርቅ እንደ ስስ ላስቲክ ይለጠጣል። ያንን የደረቀ ወተት ከአንድ ሰው አጥር ላይ ልጬ አየሁትና ቫርኒሼን አገኘሁ ብዬ ደስ አለኝ።

"እትዬ፣ የእናንተ አጥር ቅንጭብ አይደለም?"

"ነው እንጂ፤ ዙሪያውን።"

"ጥቂት ቅርንጫፍ ቆርጠው ያመጡልኛል?"

"ለምንዎ?"

ነገርኋቸው። እጃቸውን አጣምረው አዳመጡኝና ራሳቸውን ነቀነቁ።

"ኧረ መምህር! ይኼ ነገር ዓይን ያጠፋል። ከብት እንኳ አይጠጋውም። ለዚሁ አይደል አጥር የምናደርገው?"

"ተጠንቅቀን ነው የምንሠራው እትዬ።"

"ሌላ አይሆንም? የግራር ሙጫ?"

"የግራር ሙጫ ውሃ ሲነካው ይለቃል።"

"እንግዲህ እርስዎ ካሉ" አሉ።

በዚህ አገር "እንግዲህ እርስዎ ካሉ" ማለት እሺ ማለት አይደለም። ሁለት ዓመት ኖሬበት ይኼን ዐውቃለሁ። ሰምቼ እንዳልሰማ ሆንሁ።

በማግስቱ ከሰዓት በኋላ ቅርንጫፉን በሳፋ ይዘው መጡ። እኔ ከአንድ በያጅ የተዋስሁት የብየዳ መከላከያ መነጽር ነበረኝ። አንድ ብቻ። ቢላዋውን የምይዘው እኔ ስለሆንሁ ብዬ መነጽሩን እኔ አደረግሁ። ሲታሰብ ምክንያት ይመስላል። እትዬ ቅርንጫፉን ከአንድ ማሰሮ አፍ በላይ ይዘው፣ እኔ እየቆረጥሁ፣ ወተቱ እየተንጠባጠበ ማሰሮው ግማሽ ሊሆን ምንም አልቀረውም። እሳቸው ፊታቸውን ዘወር አድርገው፣ እጃቸውን ዘርግተው ነበር የያዙት። ወተቱ ግን ከማሰሮው ውጪ መፍሰስ ጀመረ።

"ጠጋ ብለው ይያዙልኝ እትዬ፣ እየባከነ ነው" አልሁ።

ጠጋ አሉ። ቢላዋው ወፍራሙን ቅርንጫፍ ግማሽ ድረስ እንደገባ ቀሪው ተሰነጠቀና ተስፈንጥሮ ሲመለስ ወተቱ ፊታቸው ላይ ተረጨ። እትዬ አንድ ጊዜ ብቻ "እፍ!" አሉ። ወዲያው እጃቸውን ወደ ቀኝ ዓይናቸው ሰደዱ፤ እጃቸውም ወተት ነበር።

ቧንቧው ውሃ አልነበረውም። የዘበኛውን ጀሪካን አምጥቼ ዓይናቸውን አጠብሁ። ይጮኻሉ ብዬ ጠብቄ ነበር፤ አልጮኹም፤ ጥርሳቸውን ነክሰው እግራቸውን መሬት ላይ ይመቱ ነበር። በግቢው የመምህራን ቤት የምትኖር አራስ መምህርት ጩኸቴን ሰምታ ወጣች፤ ምንም ሳትጠይቅ ጡቷን አውጥታ ከዓይናቸው ላይ አለበች። "የእናት ወተት ያረክሰዋል" አለች። ከዚያ በባጃጅ ሆስፒታል ወሰድኋቸው።

እዚያ ዓይናቸው ታጥቦ፣ ቅባት ገብቶበት፣ በፋሻ ተሸፍኖ አግዳሚው ላይ ተቀምጠው ሳለ ርእሰ መምህሩ መጣ። ወሬው ደርሶት ነው።

"ምን ሆነው ነው?" አለኝ።

አፌን ከፈትሁ። እትዬ ቀደሙኝ።

"ጠዋት ቤቴ አጥር ስቆርጥ ነው" አሉ። "ቀላል መስሎኝ ሥራ ገባሁ፤ እዚያ ሲብስብኝ መምህር ደረሱልኝ።"

ርእሰ መምህሩ ወደ እኔ ዞሮ፣ "እግዜር ይስጥህ" አለኝ።

አፌን ዘጋሁት። እንዲህ ስጽፈው አፍን መዝጋት ቀላል ነገር ይመስላል፤ ቀላልም ነበር። እፎይ አልሁ። ያን ጊዜ የተሰማኝ ጸጸት አልነበረም፣ እፎይታ ነበር፤ ዛሬ ከሁሉ የሚያሳፍረኝም እሱ ነው።

ስንወጣ፣ "ለምን እንዲያ አሉ?" አልኋቸው።

"እኔ የኮንትራት ነኝ" አሉ። "ጽዳቷን ትታ ቅጠል ስትለጥፍ ከተባለ ያባርሩኛል። እርስዎንም ይጠይቁዎታል። አሁን ማን ተጎዳ?"

በማግስቱ ብቻዬን ክፍሉ ገባሁ። ማሰሮው እንደተቀመጠ ነበር። መድፋት ነበረብኝ። አልደፋሁትም፤ በብሩሽ እየነከርሁ ካርቶኖቹን ቀባኋቸው። ወተቱ ሠራ። አንዱ ካርቶን ሳይቀደድ አሥራ ሁለት ጊዜ ታተመበት፤ ጅማቱ ሁሉ ጥርት ብሎ። እትዬ ቤታቸው ተኝተው ዓይናቸው እያበጠ፣ እኔ አሥራ ሁለቱን ወረቀት ገመድ ላይ አንጠልጥዬ ቆሜ ሳደንቅ ነበር።

በሦስተኛው ቀን ባለቤታቸው ትምህርት ቤት መጡ። ኮታቸውን ለብሰው፣ በገለባ የተጠቀለለ እንቁላል በፌስታል ይዘው።

"እግዜር ያክብርዎ መምህር" አሉኝ ጎንበስ ብለው። "እርስዎ ባይኖሩ ሜዳ ላይ ወድቃ ትቀር ነበር።"

"ኧረ ጋሼ፣ እኔ ምን አደረግሁ" አልሁ። ይኼ ትሕትና መሰላቸው።

እንቁላሉን ተቀበልሁ። ለጎረቤት ልሰጠው አስቤ ነበር፤ ግን አልሰጠሁም። ቀቅዬ በላሁት።

በሳምንቱ ዳቦና ብርቱካን ይዤ ቤታቸው ሄድሁ። ከሩቅ የመጥረቢያ ድምፅ ይሰማል። ስደርስ ጋሼ አጥራቸውን እየጣሉ ነው። ከግማሽ በላይ ጥለውታል። እጃቸውም መጥረቢያውም በነጭ ወተት ተለቅልቋል፤ ፊታቸውን በነጠላ ጠቅልለው ዓይናቸው ብቻ ይታያል።

"ጋሼ! ምን እያደረጉ ነው?"

"ምን ላድርግ መምህር? ሃያ ዓመት ከብት መለሰልኝ ብዬ ስመካበት፣ ሚስቴን አሳወረብኝ። የተከልሁት በእጄ ነው፤ የምነቅለውም በእጄ ነው።"

"አይንቀሉት" አልሁ።

"ለምን?"

መልሱ አፌ ላይ ነበር። እትዬ በራፉ ላይ በርጩማ አድርገው ተቀምጠዋል፣ አንድ ዓይናቸው በፋሻ። በሌላው ዓይናቸው አዩኝ። "ተናገር" ይሁን "ተው" አልገባኝም። እንደሚቀልለኝ ተረጎምሁት። የብየዳ መነጽሩ ቦርሳዬ ውስጥ ነበር፤ አውጥቼ ለጋሼ ሰጠኋቸው። "ይኼን ያድርጉ፣ ይረጭብዎታል።" መረቁኝ። ከዚያም የተቆረጠውን ቅንጭብ እየጎተትሁ ገደሉ ድረስ ወሰድሁላቸው። ውሸቴን ስጎትት ዋልሁ ማለት ነው።

ሌላ አጥር እስኪያጥሩ ድረስ ጓሮው ገላጣ ሆነ። አሥር ቀን ሳይሞላ የመንደሩ ከብት ከውሃ ሲመለስ ገባና የበርበሬ መደባቸውን ረገጠው፤ ለሰኔ የደረሰ ችግኝ ነበር። ይኼን የነገሩኝ እትዬ ናቸው፣ ቅባታቸውን ሊያስቀጥሉ ከተማ በመጡ ቀን። "ከብት ምን ያውቃል" አሉ።

ዓይናቸው ግን አልዳነም። ሆስፒታሉ ባሕር ዳር ሂዱ ብሎ ጽፎላቸው ነበር። በዚያ ሰሞን ደግሞ መንገዱ ተዘጋ፤ መኪና የለም ይባላል፣ ነገ ይከፈታል ይባላል፣ ነገ ይመጣል አይከፈትም። በየጠዋቱ መናኸሪያ እየሄድሁ እጠይቃለሁ። መንገዱ ተከፈተ በተባለ በማግስቱ ሦስታችንም በሚኒባስ ሄድን፤ እትዬ፣ ጋሼና እኔ። ጋሼ አብሬ በመሄዴ መንገዱን ሙሉ ሲያመሰግኑኝ፣ እኔ መስኮት መስኮቱን ሳይ ነበር።

ሐኪሙ ወጣት ነው፤ በትዕግሥት መረመራቸው። ጠባሳው የብሌኑ መሐል ላይ ነው አለ፤ ብርሃን ይለያሉ፣ ሰው ግን አይለዩበትም። "ቶሎ ቢመጡ ኖሮ" ብሎ ጀመረና መንገዱ ትዝ ብሎት ተወው። "እንዴት ነው የገባባቸው?" ሲል ጋሼ ተቀብለው፣ "አጥር ስትቆርጥ ነው ዶክተር። አጥሬ ነው። ነቅዬዋለሁ" አሉ። ሐኪሙ ጻፈው።

ያ ጽሑፍ ነው መሰለኝ ያልቻልሁት። በመልሱ ጉዞ ሚኒባሱ ዱርቤቴ ላይ ቆመ፤ የገበያ ቀን ነበር፣ ሹፌሩ ጎማ ሊያስነፋ ወረደ። እትዬ ወንበራቸው ላይ እንቅልፍ ወስዷቸዋል። ጋሼና እኔ ወርደን፣ የእህል ጆንያ ከሚጫንበት ግድግዳ ሥር ቆምን።

"ጋሼ፣ ያልነገርሁዎ ነገር አለ።"

"ምንድን ነው መምህር?"

"እትዬ የተጎዱት አጥር ሲቆርጡ አይደለም። ትምህርት ቤት፣ እኔ ክፍል ነው። ቅንጭቡን ያስመጣኋቸው እኔ ነኝ። አይሆንም ብለውኝ ነበር። ቢላዋውን የያዝሁትም እኔ ነኝ።"

ጋሼ አላቋረጡኝም። ስጨርስ ጆንያ የሚጭኑትን ሰዎች አዩ፣ ከዚያ መሬቱን አዩ።

"አጥሬን እኮ ነቀልሁት" አሉ።

"ዐውቃለሁ።"

"አንተም አብረኸኝ ጎተትህ።"

እስከዚያ ቀን ድረስ "እርስዎ" ነበር የሚሉኝ።

"ጋሼ፣ ይቅርታ..."

"ያልጠረጠረ ተመነጠረ ይላሉ" አሉ በቀስታ። "እኔስ ያልጠረጠርሁት ሚስቴን፣ የመነጠርሁት አጥሬን።" ትተውኝ ሄደው ከሹፌሩ ጎን፣ ፊት ወንበር ላይ ተቀመጡ።

እትዬ ነቅተው ነበር። "ምን ሆኑ?" አሉኝ።

"ነገርኋቸው" አልሁ።

ነጠላቸውን እስከ አፍንጫቸው ሳቡና ወደ መስኮቱ ዞሩ። ዳንግላን፣ ኮሶበርን፣ ቡሬን አለፍን፤ ጋሼ አንዴም ወደ ኋላ አልዞሩም።

ሰኞ ዕለት ርእሰ መምህሩ ቢሮ ገብቼ ለእሱም ነገርሁት። የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ደረሰኝ። እንደዚያ ሲሆን ቀለለኝ፤ የከፈልሁ መሰለኝ። ለካ እትዬም ተጠርተው "የሐሰት ቃል ሰጥተዋል" የሚል ወረቀት ላይ ፈርመዋል። ይኼን ያወቅሁት እሳቸው ራሳቸው ክፍሌ ደጃፍ ላይ መጥተው ሲቆሙ ነው። አልገቡም። የቀኝ ዓይናቸው ፋሻ ተነሥቶ፣ መሐሉ ላይ ነጭ ጠባሳ ይታያል።

"ማን ንገርልኝ አለህ?" አሉኝ።

"እትዬ፣ ዝም ማለት አልቻልሁም። እሳቸው ራሳቸውን እየወቀሱ..."

"ዝም ማለቱንማ ችለህ ነበር። አጥሩ ሲነቀል ችለሃል። ችግኙ ሲረገጥ ችለሃል።" ድምፃቸው ከፍ አላለም። "ሠላሳ ዓመት ከሰውዬው ጋር ስኖር ዋሾ ብሎኝ አያውቅም። አሁን ማዕድ ቀርቦ 'እህል ነው ወይስ እሱም ውሸት ነው?' ይለኛል። እውነቱን ለባሌ በገዛ አፌ እንኳ እንዳልነግረው አደረግኸኝ።"

"ይቅርታ ያድርጉልኝ። ከብዶኝ ነው።"

"እሱን ነው የምልህ። ለነፍስህ ብለህ ነው የተናገርኸው፣ ለእኔ ብለህ አይደለም። የንስሐ አባት የለህም? ለእሳቸው አትነግራቸውም ነበር?"

መጥረጊያቸውን አንሥተው ወደሚቀጥለው ክፍል ሄዱ።

እውነታቸውን ነው። መናገር ሲኖርብኝ ዝም አልሁ፤ ስናገር ደግሞ ቀድሜ እሳቸውን አላማከርሁም። ሁለቱንም ጊዜ የመረጥሁት ለእኔ የሚቀልለውን ነበር። ጓደኞቼ፣ "በመጨረሻ እኮ እውነቱን ተናግረሃል" ብለው ያጽናኑኛል። እኔም ይኼን ለራሴ ብዙ ጊዜ ብዬዋለሁ፤ አልያዘልኝም።

ክረምቱ ሳይገባ አንድ ጋሪ አጣና ጭኜ ቤታቸው ሄድሁ። ጋሼ ወጥተው አዩና ለባለ ጋሪው፣ "እዚያ አውርደው" አሉት። መቆፈሪያ ላነሣ ስል፣ "ይተዉት፣ እኔ እችለዋለሁ" አሉኝ። እንደ እንግዳ ቆሜ አየኋቸውና ተመለስሁ።

አሁን ሕትመቱን ከተማሪዎቼ ጋር እሠራለሁ፤ ቅጠሉ ይለጠፋል፣ ቫርኒሹ ከሱቅ ይገዛል። እነዚያን አሥራ ሁለት ወረቀቶች ለማንም አላሳየሁም፤ አልጣልኋቸውምም። እትዬ ኮንትራታቸው ታድሶላቸው ያጸዳሉ። የእኔን ክፍል ሌላ ሴት ናት የምትጠርገው፤ እሳቸው ጠይቀው ነው የለወጡት። ስንገናኝ ሰላም ይሉኛል። ሳወራቸው ግን የትኛውን ዓይናቸውን ማየት እንዳለብኝ እስከ ዛሬ አላውቅም፤ አንገቴን እደፋለሁ።

ባለፈው ታኅሣሥ ለትምህርት ቤት ዕቃ ልገዛ ቡሬ ወርጄ በርበሬ ተራ ውስጥ ጋሼን አየኋቸው። በየዓመቱ ሸጠው የሚመለሱበት ገበያ ነው፤ ያን ቀን ግን ከሌላ ገበሬ ጆንያ ፊት ቁጢጥ ብለው፣ በርበሬውን በእጃቸው እያሹ፣ እያሸተቱ ለቤታቸው ይመርጣሉ። ሳያዩኝ ልመለስ አሰብሁ። ቀና ሲሉ ዓይን ለዓይን ተገጣጠምን።

ተነሥተው እጃቸውን አራግፈው ጨበጡኝ።

"እንዴት ሰነበቱ መምህር?"

"እግዚአብሔር ይመስገን ጋሼ። እርስዎ እንዴት ነዎት? እትዬስ?"

"ይመስገነው። እናት አባትዎ ደኅና ናቸው? ሥራው እንዴት ነው? ተማሪዎቹስ?"

አንድም ሳያስቀሩ ጠየቁኝ፤ አንድም ሳላስቀር መለስሁ። ከዚያ ጆንያው ላይ ጎንበስ ብለው መምረጣቸውን ቀጠሉ። ትንሽ ቆሜ ጠበቅሁ። በዚህ አገር ሰው ከሰው ተሰነባብቶ ሲለያይ የሚጨመር አንድ ቃል አለ፤ ቤት ይምጡ የሚል። አላሉኝም። "ደኅና ይዋሉ" ብዬ ወደ መናኸሪያው ሄድሁ።